ማንም ሳይሞት የተደረሰ ለቅሶ

ከዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ፣ ይቺው የቀረችኝ ዕድሜ እዚሁ ወንበሬ ላይ ትለቅ። ደብሪቱ ተሰማ፣ ደቡብ ሕንድ ውስጥ ካንቺፑራም በምትባል ከተማ፣ ማንም ያልሞተበት ቤት ገብታ ለቅሶ ደረሰች። ቤተሰቡም ለቅሶውን በወጉ ተቀበለና የሚሞት ሰው ማዘጋጀት ጀመረ።

ደብሪቱን የማያውቅ እንዳይፈርድባት ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ደብሪቱ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። በሱቋ ደጃፍ ያለፈች ሙሽራ ሳትገዛ ሄዳ አታውቅም። እንዲያውም አንዷ የሙሽራ ቀሚስ ገዝታ ስትወጣ፣ ሙሽራ አለመሆኗ ትዝ ብሏት ከዚያው ባል ፍለጋ ሄደች። ደብሪቱ ካንቺፑራም የሄደችው ለጥለት የሚሆን ሐርና የወርቅ ክር በገዛ ዓይኗ ልትመርጥ ነው። ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ በቤተ መቅደሶቿና በሐር ሸማኔዎቿ የታወቀች ናት። ቤተ መቅደሶቿ ከመብዛታቸው የተነሳ ዝናብ ሲጥል መሬት የሚደርሰው ግማሹ ነው፤ የቀረው ግንቦቹ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል።

ከአውቶቡስ ወርዳ የሸማኔዎቹ ሰፈር ስትደርስ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነበር። በእጇ በያዘችው ወረቀት ላይ፣ መምጣቷን በደብዳቤ የነገረችው የመምህር ሱንዳራም አድራሻ ተጽፏል። መምህር ሱንዳራም በወጣትነቱ ደብረ ማርቆስ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። አሁን ጡረታ ወጥቶ ከሸማኔው ወንድሙ ከቬላዩዳም ጋር ይኖራል። አማርኛውን አልረሳም፤ የሚያናግረው አጥቶ ለላሞች ይናገር ስለነበር የዚያ ሰፈር ላሞች ‹‹ዞር በይ›› ሲባሉ ዞር ይላሉ።

ደብሪቱ ቤቱን ስታገኝ ያየችው ይህን ነው። መንገዱ ዳርና ዳር እንጨት ተተክሎ ገመድ የመሰለ ነገር ተወጥሯል። በረንዳው ላይ ሰሌን ተነጥፏል። ሰሌኑ ላይ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የልብሳቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አድርገዋል። ወንዶቹ አጎንብሰዋል። አንድም ሰው አይናገርም።

እስቲ ፍረዱ። መንገድ ዘግቶ የሚተከል ድንኳን፣ የተነጠፈ ሰሌን፣ አንገት ላይ የዋለ ጥለት፣ ዝም ያለ ሰው! እኛ አገር ይህን አይቶ የሚያልፍ ሰው እናቱ አላሳደገችውም። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ገመድ የመሰለው ሊጠቀለል የተዘረጋ የሐር ድር ነው። ሰዎቹ ዝም ያሉት ክር እየቆጠሩ ስለነበር ነው። ሳሪ ደግሞ ድሮም ጥለቱ የሚያልፈው በትከሻና በአንገት ነው። ይህን ሁሉ ደብሪቱ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ሻንጣዋን ጣለች። የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዞረች። ገብታ የሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ደብሪቱ ደግሞ ካለቀሰች በግማሽ አታለቅስም። አንድ ጊዜ በስህተት የማታውቀው ሰው ቀብር ላይ ገብታ ስታለቅስ፣ ሚስትየው ‹‹ይቺ ደግሞ ምኑ ነበረች?›› ብላ ሬሳውን በክፉ ዓይን አይታዋለች።

‹‹እግዚአብሔር ያጥናችሁ። የሞተውንም ነፍሱን ይማረው›› አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

በሩ ላይ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሽማግሌ ቆሞ ነበር፤ መምህር ሱንዳራም ነው። ከስንት ዘመን በኋላ አማርኛ በመስማቱ ደስ አለውና፣ ምን እንደተባለ ሳያስብ ቃል በቃል ተረጎመው። ሰሌኑ ላይ ያሉት ሰዎች ክር መቁጠራቸውን አቆሙ። ቬላዩዳም ተነሳ፣ ሁለት መዳፎቹን ደረቱ ላይ ገጠመ፣ አንድ ቃል ተናገረ።

‹‹ምን አለ?›› አለች ደብሪቱ።

‹‹‘ተቀብለናል’ አለ።›› የመምህሩ ፊት አመድ መስሏል። ‹‹ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ለመሆኑ ማን ሞቶ ነው?››

‹‹እኔ ምን አውቄ! የናንተ ሰው እንጂ።››

‹‹እኛ ቤት የሞተ የለም።››

‹‹ታዲያ ምኑን ነው የተቀበላችሁት?››

‹‹የመጣ ለቅሶ አይመለስም። እዚህ ሰፈር ተመልሶ አያውቅም›› አለ መምህሩ። ‹‹ተቀብለናል። አሁን የቀረው ሟቹ ነው።››

ሟቹን ማወቅ ከባድ አልነበረም። በዚያ ሰፈር የቤት ለቅሶ የሚያርፈው በሽመና ዕቃው ላይ ያለው ልብስ ባለቤት ላይ ነው። በቬላዩዳም ዕቃ ላይ የነበረው ደግሞ የሴት ልጁ የማንጋይ የሠርግ ሳሪ ነው። ማንጋይ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሠርጓ ከነገ ወዲያ ነው። ሳሪው የቀረው አንድ ክንድ ብቻ ስለሆነ ነገ በስድስት ሰዓት ይቆረጣል። ልብሱ ሲቆረጥ ለቅሶው ባለቤቱን ያገኛል።

ማንጋይ ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። አጎቷ ነገሩን ሲነግራት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ደብሪቱን ከላይ እስከ ታች አየቻትና አንድ ነገር ብላ ሳቀች።

‹‹‘ከስንት አገር አቋርጣ እኔን ልትገድል መጣች? እዚሁ ጎረቤት ገዳይ ጠፍቶ ነው?’ ትላለች›› አለ መምህሩ።

ማንጋይ ከአጎቷ የለመደቻቸው የአማርኛ ቃላት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የክፍል ውስጥ ናቸው። ከሦስቱ አንዱን መረጠችና ‹‹አትረብሺ›› አለቻት።

ደብሪቱ መምህሩን እጁን ያዘችው። ‹‹በሞቴ፣ ስህተት ነው ይበሏቸው። ድሩን ድንኳን መስሎኝ ነው ይበሏቸው።››

‹‹ብያለሁ። ‘ድሩስ ድንኳን መሰላት እንበል፤ እንባውን ከየት አመጣችው?’ አሉኝ።››

ደብሪቱ እጁን ለቀቀችና ሻንጣዋን ልታነሳ ሄደች።

ሰባት ሰዓት ላይ የማንጋይ አልቦ መጮኽ አቆመ። ልጅቱ እግሯን አንስታ ወዘወዘችው። አውልቃ ጆሮዋ ላይ አንቀጫቀጨችው፤ በእጇ ላይ ይጮኻል። እግሯ ላይ ስታደርገው ዝም ይላል። የጎረቤት ሴቶችም በናስ ድስት ሩዝ እየያዙ መምጣት ጀመሩ። ማንም አልጠራቸውም። ድስቱን አስቀምጠው፣ ማንጋይን እንደ ዕቃ ዞረው፣ ከቤቱ ጥግ ያሉት ሴት አያቷ አጠገብ ይቀመጣሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ መምህሩ ‹‹ቤተ መቅደስ ሄደን እንጠይቅ›› አለ። እሱ፣ ደብሪቱ፣ ማንጋይና አያትየዋ ሄዱ። አያትየዋ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጥርስ የላቸውም፣ ምላስ ግን የሦስት ሰው አላቸው። መንገዱን ሙሉ ‹‹እኔ እያለሁ!›› እያሉ ተሳደቡ።

ከቤተ መቅደሱ በር ላይ ግንባሩ በቀለም ያጌጠ ዝሆን ቆሟል። ለገባ ሰው ሁሉ ኩምቢውን ራሱ ላይ አኑሮ ይባርካል። መምህሩን ባረከ። አያትየዋን ባረከ። ደብሪቱንም፣ ፈርታ ዓይኗን ብትጨፍንም፣ ባረካት። ማንጋይ ጎንበስ ስትል ዝሆኑ ኩምቢውን ወደ ኋላ ሰበሰበ፤ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለና በፊት ጉልበቶቹ ተንበረከከላት። ጠባቂው ዝሆኑን በዱላ ነካ አደረገው። ዝሆኑ አልተነሳም፣ ማንጋይም በዚያ ሰዓት መሳቋን ተወች።

ውስጥ ቁጥራቸው ያልታወቀ የድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ሲወጣ ጢም አብቅሎ ነው የሚወጣው። ከአንዱ ዓምድ ሥር እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያይ ሽማግሌ ተቀምጦ ለአማልክቱ አበባ በክር ይሰካል። ሲነግሩትም መሰካቱን አላቆመም።

‹‹ለቅሶ አይመለስም›› አለ። መምህሩ እየተከተለ ተረጎመው። ‹‹ወደ ሌላ ሰው ግን ይዛወራል።››

‹‹ወደኔ አዛውረው!›› አሉ አያትየዋ። ‹‹አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታጥቤ ለብሼ ነው የምጠብቀው።››

‹‹ለአንቺ በጎርፉ ዓመት ተለቅሷል። ‘ወሰዳት’ ብለው አለቀሱልሽ፤ አንቺ ዛፍ ላይ ሆነሽ ታዪ ነበር። ሁለት ጊዜ አይለቀስም።››

‹‹ስትረግመኝ ኖርክና ዛሬ እንኳ አትጠቅመኝ!››

ደብሪቱ ወደ ፊት ቀረበች። ‹‹ወደ እኔ ይሁን። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።››

‹‹ለቅሶ ደራሽ ለራሱ አይደርስም›› አለ ሽማግሌው። አንድ አበባ መርጦ ሰካ። ‹‹መሄድ የሚችለው ወደ አንድ ዓይነት ሰው ነው። ያልተለቀሰለት ሰው ካላት፣ ወደ እሱ ይሂድ።››

‹‹የሞተ ነው የሚለው ወይስ በሕይወት ያለ?›› አለች ደብሪቱ። ድምጿ ተቀይሯል።

‹‹ያልተለቀሰለት ነው ያልኩት። ሞቶ ከሆነ ያርፋል። በሕይወት ካለም፣ ያው ያርፋል።›› ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ‹‹አላት ወይ?››

‹‹የለኝም›› አለች ደብሪቱ። መምህሩ ጥያቄውን ተርጉሞ ሳይጨርስ ነው የመለሰችው።

ነበራት። ታናሽ ወንድሟ ምንውየለት የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት በሃያ አራት ዓመቱ፣ ከጭነት መኪና ጋር ጨው ሊያመጣ አሰብ ወርዶ ቀርቷል። ሬሳውን ያየ የለም፤ በሕይወት አየሁት ያለም የለም። ዘመድ መክሮ ሦስት ጊዜ መርዶ ሊነግራት በማለዳ በሯን አንኳኩቷል። ሦስቴም ውሻዋን ፈታባቸዋለች። በሦስተኛው ጊዜ አንድ የደብር አለቃ የጎረቤት አጥር ዘለው፣ ጥምጥማቸው አጥሩ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መርዶ ያሰበ አልተገኘም። ደብሪቱ ለማንም ስታለቅስ የምታለቅሰው በውስጧ ለእሱ ነው፤ ስሙን ግን ጠርታ አታውቅም። ስሙን ካልጠራች ሞተ ማለት አይደለም። የሃያ ሰባት ዓመት ሥራዋ ይህ ነበር።

በማግሥቱ ጧት የሙሽራው ቤተሰብ መልእክተኛ ልኮ፣ ‹‹ሠርግ አለን፤ ሙሽራዋን ግን ማን ነበረች ብለን ማስታወስ አቃተን፤ እናንተ ታውቁ ይሆን?›› ሲል ጠየቀ። አያትየዋ ማንጋይን ‹‹አንቺ ልጅ›› እያሉ ይጠሯት ጀመር። ጥቂት ቆይቶ እሱንም ተዉት። እናቷ ቀድማ ስለሞተች እሷን የሚያስታውሷት የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አባቷ፣ አጎቷና ደብሪቱ።

መምህሩ የሒሳብ ሰው ነውና በዘዴ አሰበ። የልጅቱን ስም በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈው። አራት ሰዓት ሲሆን መዳፉን ገልጦ ለደብሪቱ አሳያት።

‹‹ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የማን ስም ነው?››

‹‹የወንድምዎ ልጅ ናት። ያቻት፣ ቆማ።››

መምህሩ ወደ ማዕዘኑ ተመለከተ። በትሕትና ፈገግ አለና ‹‹ደስ የምትል ልጅ ናት›› አለ፣ ሰው ለማያውቀው ሰው እንደሚለው።

ቬላዩዳም ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ ዕቃው ላይ ተቀምጦ ይሠራል። መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቀዩ ሐር ላይ የወርቁ ጥለት በጣት በጣት እየጨመረ ነው። ማንጋይ በናስ ብርጭቆ ውሃ አመጣችለት። ተቀብሎ ጠጣና ብርጭቆውን ሲመልስላት አንድ ነገር አላት። ልጅቱ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

‹‹ምን አላት?›› አለች ደብሪቱ።

‹‹‘እንግዳ ሆይ፣ ቁርስ በልተሻል ወይ?’ አላት።››

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ቬላዩዳም የመጨረሻውን ማግ አስገባና ምላጩን አነሳ። ሴቶቹ የሳሪያቸውን ጥለት አስተካከሉ፤ ለማን እንደመጡ ባያውቁም ለቅሶ እንደሆነ ያውቃሉ። ማንጋይ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ከኋላዋ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር፤ ደብሪቱ ቀኑን በልጅቱ ውስጥ አልፋ አነበበችው። ሐሙስ ይላል። ማንጋይም ደብሪቱን አየቻት። በዚያ ቤት ውስጥ የሚያያት እሷ ብቻ መሆኗን አውቃለች። ‹‹ተቀመጪ›› አለቻት፣ ሁለተኛውን ቃሏን፤ ከጎኔ ሁኚ ለማለት ሌላ ቃል የላትም።

ደብሪቱ አሰበች። ምንውየለት በሕይወት ካለ ዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ምናልባት አንድ ወደብ ላይ ከጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ምሳ እየበላ ይሆናል። ምናልባት ልጆች አሉት። ምናልባት ትንሿን ልጁን ‹‹ደብሪቱ›› ብሏታል። ምላጩ የመጀመሪያዎቹን ክሮች ነካ። ሐር ሲበጠስ ድምፅ የለውም ይባላል፤ ደብሪቱ ግን ሰማችው።

‹‹ቆይ!›› አለች።

ምላጩ ቆመ።

‹‹ሟቹ የኔ ነው›› አለች። ‹‹ምንውየለት ተሰማ ነው። ወንድሜ ነው።››

መምህሩ ተረጎመ። ደብሪቱ ተነሳች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሃያ ሰባት ዓመት ያልወጣውን አወጣችው።

‹‹ጨው ላምጣልሽ ብለህ አሰብ የወረድከው፣
ወጤን አልጫ ጥለህ፣ ዓይኔን ጨው አረግከው።››

ቋንቋውን የማያውቁት የካንቺፑራም ሴቶች ልክ በቦታው ደረታቸውን መቱ። ስሙን አንዲትም ሳትሳሳት ተቀበሏት። ቬላዩዳም ምላጩን እስከ ዳር ሳበው፤ ሳሪው ከዕቃው ወረደ።

የማንጋይ አልቦ ጮኸ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ። ቀን መቁጠሪያው ከጀርባዋ ጠፋ። ቬላዩዳም ቀና ብሎ ‹‹ማንጋይ፣ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ውሃ አምጪ እንጂ!›› ብሎ ተቆጣ። አያትየዋ ሠርጉ ላይ የሚለብሱት እንዳልተተኮሰ ትዝ አላቸውና ሁሉንም በአንድ ላይ ተሳደቡ። መምህሩ መዳፉን አይቶ አለቀሰ። ማንጋይ በደብሪቱ በኩል ስታልፍ ቆመች፤ አልሳቀችም። ‹‹ጎበዝ›› አለቻት ቀስ ብላ። ውሃውን ልታመጣ ሄደች።

ለቅሶው ባለቤት ስላገኘ ቀብሩ መፈጸም ነበረበት። የሰፈሩ ወንዶች ከቀርከሃ ቃሬዛ ሠሩ። ባዶው ቃሬዛ ላይ ቢጫ አበባ ነሰነሱ። ስምንት ሰዎች ወደ ትከሻቸው አነሱት፤ እንደገና አስቀመጡት።

‹‹ምን ሆኑ?›› አለች ደብሪቱ።

‹‹‘ቃሬዛው አጥሮታል፤ እግሩ ወጥቷል’ ይላሉ።››

በግርጌው በኩል አንድ ክንድ ቀርከሃ ጨመሩለት። ደብሪቱ አየቻቸው። ምንውየለት ረጅም ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልነገረችም። ቃሬዛው ተነሳ፣ ከበሮው ተመታ፣ ጉዞ ወደ ወንዙ ሆነ። አበባው ጠፍጣፋ መሆኑን ትቶ ነበር። የራስ ቦታ፣ የትከሻ ቦታ፣ ተጣጥፈው የተቀመጡ እጆች ቦታ ይዟል።

ከቤተ መቅደሱ ግንብ ጥላ ሥር ሲደርሱ የፊተኛው ተሸካሚ ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ። ከበሮው ቆመ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ቃሬዛውን አየ።

ደረቱ ላይ ያለው አበባ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

‹‹ወይዘሮ ደብሪቱ›› አለ መምህሩ። ‹‹‘እንቀጥል ወይ?’ ይላሉ።››

ከኋላቸው፣ ከቬላዩዳም ቤት፣ ሴቶች ለማንጋይ ሠርግ መዝፈን ጀምረዋል። ደብሪቱ ቃሬዛውን አየች። አበባውን አየች። ጥለቷን አንገቷ ላይ አጠበቀች። ከዚያ ከፊት ሆና ወደ ወንዙ መራመድ ጀመረች፤ ተሸካሚዎቹም ተከተሏት። ወደ ኋላ ስላልዞረች፣ ከንፈር በሚሆንበት ቦታ ላይ ያረፈችውን አንዲት ቢጫ የአበባ ቅጠል አላየችም። ቅጠሏ ተነሳች፣ ወረደች። ተነሳች፣ ወረደች። ከዚያ ወደ ውስጥ ተሳበችና ጠፋች።

ከዚህ ሁሉ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ስምንት አልነበሩም፣ ስድስት ነበሩ።